የተዘጋ ኪስ

«እናቴ ለጎኗ ሳትል፣ ለጉሮሮዋ ሳትል የገዛችው መኪና ነው! የእናንተ ቅዳሜ ማሳለፊያ አይደለም!»

«እኛም እኮ አንሰጥም አላልንም፣ እትዬ።»

«እትዬ አትበለኝ! እኔና አንተ የት ተዋውቀን ነው እትዬ የምትለኝ?»

እትዬ ያላት ሰው ጡረታ ከወጣ ዓመታት ያለፉት የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ሆኖ ሳለ ከአንዲት ቀጭን አሮጊት ፊት ቆሞ ቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ ተሸማቋል። ሁለት እጆቹ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪና ላይ እንዳረፉ ቀርተዋል፤ ሊከለክላት ፈልጎ ሳይሆን የሚያሳርፍበት ሌላ ቦታ ጠፍቶት ነው።

ከጀርባው፣ በሁለት በርሜል ላይ በተጋደመ አሮጌ በር ዙሪያ፣ ሌሎች ሁለት ሰዎች አቀርቅረው ተቀምጠዋል። አንደኛው ከሲታ የሒሳብ መምህር፣ ሁለተኛዋ ወጣት ነርስ ናት። በሩ ጠረጴዛ ከሆነ ቆይቷል፤ እጀታው ግን አልወለቀም፤ መቀሶቹ የሚንጠለጠሉት እሱ ላይ ነው። ክፍሉ ድሮ ማተሚያ ቤት ስለነበረ ግድግዳው ዛሬም ቀለም ቀለም ይሸታል። ከመግቢያው በላይ «የሰፈሩ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክበብ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

«ባለጋሪው ውጪ ቆሟል» አለች ሴትዮዋ። «አንሱና አውጡልኝ። ሌላ የጠየቅኋችሁ ነገር የለም።»

«እሺ።»

«እሺ ካልክ እጅህን አንሳ!»

ሾፌሩ እጁን አነሳ። ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ግን ሰው ሲናደድ ከመጣበት ጉዳይ ይልቅ የሚያንገበግበው ይቀድመዋል።

«አንድ ሰው እንኳ» አለች፤ «አንድ ሰው እንኳ እህቴን እስከ በር አልሸኛትም? ያን ቅዳሜ ከዚህ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነው ቤት የደረሰችው። ደጃፌ ላይ ነው የወደቀችው። እኔ መርዶውን ልነግራችሁ የመጣሁ ዕለት ሁላችሁም ተነሥታችሁ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኛችሁኝ። እኔን! ከነገራችሁ የሌለሁበትን ሰው! እሷን ግን ቀና ብሎ ያያት የለም።»

ነርሷ የያዘችውን ጨርቅ ፊቷ ላይ ጫን አደረገች። መምህሩ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ፤ ጠርጎም አልጨረሰ።

እትዬ ብሎ የሚጠራት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታናሽ እህቷ። እሷም አፈር ከለበሰች ገና ወር አልሞላትም። ስሙ ባለቤቱን ቢያጣም የሚቀርበን ሌላ የለምና እኛም እትዬ እንበላት።

እህትማማቾቹ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። እትዬ ዕድሜዋን ፍርድ ቤት ውስጥ በታይፕ ጸሐፊነት የፈጀች፣ ቃል የምትቆጥብ፣ የተጣመመ ነገር ከሩቅ የሚታያት ሴት ናት። ታናሿ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። ሁለቱም ትዳር አልያዙም። ተጣልተው አያውቁም፤ ተጫውተውም አያውቁም። ቤቱ ጽዱ ነበር፣ ጸጥ ያለ ነበር። ምሽት ላይ አንዷ ሬዲዮ ስትሰማ ሌላዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች።

የእናታቸው የስፌት መኪና ሳሎኑ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ፣ የእናታቸውን ፎቶግራፍ ተሸክሞ ቆሞ ነበር። አንድ ቅዳሜ ታናሿ ፎቶግራፉን አነሳች፣ ጨርቁን ገፈፈች።

«እትዬ፣ ይሄን ወደ ክበቡ ልወስደው ነው። አንቺም ለምን አትመጪም?»

«መጥቼ ምን ልሠራ?»

«ኪስ እንሰፋለን።»

«የምን ኪስ?»

ታናሿ ነገረቻት። ለበሽተኛ የሚሰጠው ጋውን ኪስ የለውም። እሷ ያንን ጋውን ስታጥብና ስታጥፍ ስትኖር፣ ልብስ ልትሰበስብ ዋርድ በገባች ቁጥር የምታየው ነገር ነበር። ሰው መነጽሩን፣ መሐረቡን፣ የልጁን ፎቶ በጭብጡ ይዞ ይውላል፤ ጭብጡን እንደዘጋ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ጠዋት ዕቃው አልጋ ሥር ይገኛል፣ ወይም አይገኝም። ስለዚህ ክበቡ ቅዳሜ ቅዳሜ ኪስ እየሰፋ ይለጥፍበታል።

«ሆስፒታሉ ያላሰበውን አንቺ ልታስቢለት?» አለች እትዬ ሳቅም ቁጣም ሳይታይባት። «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል አሉ።»

ታናሿ ሳቀች። ሁለተኛ ግን አልጠየቀቻትም።

አሁን እትዬን የሚያንገበግባት ያ ነገር ነው፤ መኪናው ሰበብ ነበር። እህቷ ቅዳሜ ማታ ስትመጣ ፊቷ ላይ የሳቅ ርዝራዥ ይኖር ነበር፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ጭቃ ከጫማ እንደሚጠረግ ጠርጋው ትገባለች። እትዬ በመስኮት አይታታለች። እዚህ ምን አግኝታ ነው? እቤት የሌለ ምን አለ እዚህ? መልሱን ሳታውቅ መቅበሯ እያደር የሚያመረቅዝ ቁስል ሆኖባታል።

«እሜቴ» አለች ነርሷ ጨርቁን ከፊቷ አንስታ፤ «እነዚህ ጋውኖች ሰኞ ጠዋት ዋርድ መግባት አለባቸው። ብዙ አልቀሩም። እነሱን እንጨርስና መኪናውን እኛው ራሳችን ተሸክመን ቤትዎ እናደርሳለን።»

እትዬ ወደ ጋውኖቹ አየች። የታጠቡ፣ የተተኮሱ፣ ገርጥተው አመድማ የመሰሉ ናቸው። በሽተኛ ይጎዳ ማለት ግን አልሆነላትም።

«ባለጋሪው ትንሽ ይቁም እንግዲያው» አለችና አጠገቧ ያገኘችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

ሦስቱም ተያዩ። በርጩማው የማን እንደነበር ገባት፤ ቢሆንም አልተነሳችም።

መምህሩ መኪናው ላይ ተሰየመ። መርገጫውን ረገጠ፣ መኪናው ተንገጫግጮ ወደ ኋላ ዞረ፣ ክሩ ተበጠሰ። እንደገና አስገባ፤ እንደገና ተበጠሰ።

«ቀስ እያልክ ንዳው እንጂ!» አለ ሾፌሩ።

«ና አንተ ንዳው! ባለሙያው አንተ አይደለህም?»

«እኔ የነዳሁት መኪና ፍሬን ነበረው።»

«እሷ ካልሆነች አይታዘዝም» አለች ነርሷ፤ ተናግራ ሳትጨርስ ከንፈሯን ነከሰች።

እትዬ ጥቂት ታገሠች። ክሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲበጠስ ግን የተጣመመ ነገር ማየት የማትችለዋ ሴት ተነሳች። «ተነስ ከዚያ። በአንተ አያያዝ ምጽአት ይደርሳል።»

ከልጅነቷ ወዲህ ሰፍታ አታውቅም። እግሯ ግን የእናቷን አረጋገጥ አልረሳም ነበር፤ ጣቶቿም ሲታይፑ የኖሩ ናቸው። ኪሱን ጋውኑ ላይ ለካች፣ ያዘች፣ ረገጠች። መኪናው ከሳምንታት በኋላ ወጥ የሆነ ድምፅ አሰማ፤ ሦስቱም የእጃቸውን ሥራ ትተው ሰሙ። እትዬ ዙሪያውን ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ጋውኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ስፌቱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

«እንዲህ ነው የሚሰፋው» አለች።

ሾፌሩ ጋውኑን ሳብ አድርጎ አየና ለመምህሩ አሳለፈው። መምህሩ ሳል እንደያዘው ሰው አፉን በእጁ ከደነ።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?»

«እጅዎን ያስገቡበት እስቲ» አላት።

እትዬ እጇን ልታስገባ ሞከረች። የምታስገባበት የለም። አራቱንም ጎን፣ አፉን ጨምሮ፣ ግጥም አድርጋ ሰፍታዋለች።

ያን ጊዜ ሦስቱም በአንድ ላይ ፈነዱ። ሾፌሩ ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲመታ መቀሶቹ ተንጫጩ። የእትዬ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። «ፍርድ ቤት ሙሉ ዘመኔን አንድ ፊደል አልሳትኩም!» አለች፤ ይሄ ደግሞ ሳቁን አባሰው።

«አይዘኑ፣ እዚህ ቤት ያልዘጋ የለም» አላት ሾፌሩ ዓይኑን እየጠረገ። «ሰው መጀመሪያ ኪስ ሲሰፋ የሚጨነቀው እንዳይወልቅ ነው። እንዳይወልቅ ሲል አፉን ይረሳዋል። አዩት ግድግዳውን?»

ግድግዳው ላይ ከሚስማር ሚስማር የተወጠረ ገመድ ነበር፤ በገመዱ ላይ ኪሶች ተሰቅለዋል፤ ሁሉም አፍ የላቸውም። «ይሄ የእኔ ነው፤ ዳገት ላይ የተሰፋ ይመስላል» አለ ሾፌሩ። «ይሄ የጋሽ መምህር ነው፤ ሁለት ጊዜ ነው የዘጋው፤ በማስረጃ እንዲሆን ብሎ።» የነርሷም አለ። መጨረሻ ላይ የተሰቀለው ሰማያዊ ነበር፤ ፀሐይ ያገረጣቸው ትንንሽ ነጫጭ አበቦች አሉበት።

እትዬ ወደ እሱ ተጠጋች። «መጋረጃዬ!»

«የኩሽናው» አለ መምህሩ።

«ነፋስ ወሰደው ብዬ ስፈልግ... ከጎረቤት ጋር እኮ ተጣልቼበታለሁ!»

«እናውቃለን። 'ነፋስ እጅ ካላወጣ በስተቀር መጋረጃ ከነገመዱ አይፈታም' አሏቸው አሉ።»

«ማን ነገራችሁ?»

«ምን ያልነገረችን አለ?» አለ ሾፌሩ። «አንድ ነገር ተጣሞ ሲሰፋ 'እትዬ ብታየው ምን ትል ነበር?' እንባባላለን። እትዬ ያልኩዎት ለዚያ ነው፤ ከአፌ አምልጦኝ ነው። ስማችንንም ያወጡልን እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?»

«ቆብ ቀዳጆች» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «ማን ናችሁ ሲሉን እንደዚያ ነው የምንለው።»

እትዬ ዳግመኛ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እቤቷ ውስጥ እንዳመጣላት የወረወረችውን ቃል ሁሉ አንድ ሰው ከወለል እየለቀመ፣ እዚህ አምጥቶ ሲያስቅበት ኖሯል። በክፋት አልነበረም፤ ያ ይታወቃል። እቤት አፏ የማይከፈት ሴት እዚህ ስለ እትዬ ስታወራ ውላለች። ለእትዬ ግን ስለ እትዬ የነገረቻት ነገር የለም።

«ለምንድን ነው የምትመጡት?» አለች። ቁጣው ከድምፅዋ ወጥቶ ነበር። «እናንተስ ለምን ትመጣላችሁ?»

ሾፌሩ ፊቱን አሻሸ። «እኔ? ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳመላልስ ሰው የሚያውቀው ማጅራቴን ብቻ ነበር። ጡረታ ወጥቼ መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ ሳጣ፣ ወደ ኋላ እየሄድኩ ልሞክረው እንዴ አልኩ።» ፈገግ አለ፣ ፈገግታው ቶሎ ጠፋ። «እህትዎ ናት ከፊት ያየችኝ። 'አንተ ግዙፍ፣ ጨርቅ ያዝልኝ' አለችኝ። በቃ፣ ያዝኩ።»

መምህሩ ክር እየጠቀለለ ነበር። «ባለቤቴ ከሞተች በኋላ ሰው ሁሉ ስለ እኔ ያስብ ነበር። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን መታሰብ ይከብዳል። እዚህ ስመጣ እኔ ስለማላውቀው ሰው መነጽር አስባለሁ። ኪሱ ይበቃው ይሆን? ይጠልቅ ይሆን? ያኛው ይቀላል።»

«እሷስ?»

መምህሩ ቀና አላለም።

«ጠይቀሃታል» አለች እትዬ። «አሁን ስታፍር አየሁህ። ተናገር።»

«አንድ ጊዜ ጠይቄያት ነበር። 'እቤት እትዬ ሁሉን ነገር አስተካክላ ትጨርሰዋለች፤ እዚህ ግን የሚጎድል አይጠፋም' አለችኝ። በክፉ አይደለም ያለችው። ስታደንቅዎት ነው።»

«ገብቶኛል» አለች እትዬ። ገብቷት ነበር።

ነርሷ ጋውን ስታጥፍ ቆይታ ጣቷን አንድ ኪስ ውስጥ እንደከተተች ቆመች። «እሜቴ፣ ሆስፒታል የተኛች ዕለት ጋውን ያለበስኳት እኔ ነኝ። ኪስ ያለውን መርጬ አለበስኳት። በእጇ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችውና 'ይሄ ጠማማ የሾፌራችን ስፌት ነው' ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ እጇን ከውስጡ አላወጣችም።»

ሾፌሩ መቀሱን አስቀመጠ። «የእኔ ነበር?»

«የአንተ ነበር፣ ጋሼ።»

«እስከ ዛሬ ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ?»

«አልቻልኩማ።»

ሾፌሩ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደና ጀርባውን ሰጣቸው። ያ ሰፊ ማጅራት ለብዙ ዓመታት ሺህ ሰው ያየው ነው፤ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ግን ያየው የለም።

እትዬ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀመጠች። ያቺን የመጨረሻ ከሰዓት እያየቻት ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «እጅሽን ስጪኝ» ብላታለች። ታናሿ ዓይኗን እንደጨፈነች ነበር፤ እጇ ከጎኗ ጨርቁ ውስጥ ተደብቋል፤ አልሰጠቻትም። አሁንም አልፈልግሽም እያለችኝ ነው ብላ አሰበች እትዬ። ቀጥሎ የግሉኮሱ ቱቦ እንዳይታጠፍ ፈራች። አንጓዋን ይዛ እጇን ከዚያ ውስጥ አወጣችው፤ አንሶላው ላይ ቀጥ አድርጋ፣ አስተካክላ አስቀመጠችው። እጁ እንዳስቀመጠችው ቀረ።

ይህን አልተናገረችም። ወደፊትም ለማንም የምትናገረው አይደለም።

«ኪሱ ውስጥ ምን ነበረ?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

«ምንም» አለች ነርሷ። «ባዶ ነበር።»

ሾፌሩ ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ መናገር ጀመረ። «መሸኘቱን ልንገርዎ። ጠይቀዋል፣ መልስ ይገባዎታል። እዚህ ቤት እንግዳ ይሸኛል፣ አባል አይሸኝም። ያወጣችው እሷው ናት። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሰው በተነሳ ቁጥር ሁላችንም እየተነሳን ሥራ እንፈታ ነበር። 'ሳምንት ለሚመለስ ሰው የምን ሽኝት ነው?' አለችን። እውነቷን ነው አልን። ያን ቀን ስትነሳ እኔ መርፌ ላይ ክር እያስገባሁ ነበር። ሹራቧን ስትለብስ በጎን ታየችኝ። አላየሁም ልልዎት አልችልም፤ ታየችኝ። ግን ቀና አላልኩም። ሳምንት የምትመለስ ነበር የመሰለኝ።»

እትዬ ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ይዛው የመጣችው ስድብ ግን የት እንደገባ ጠፋባት።

«መቼም መርፌ ክር ሲጎርስ ዓይን አይነቀልም» አለች በመጨረሻ።

በሩ ተንኳኳና ባለጋሪው ጺማም ፊቱን አስገባ። «እሜቴ፣ ይጫናል ወይስ አይጫንም? ጋሪዬ እኮ ሥር ሰደደ!»

እትዬ ወደ ውጪ ወጣች፤ የድካሙን ሰጥታ አሰናበተችው። ስትመለስ ስለ መኪናው የጠየቃት የለም። ሾፌሩ ብቻ ብርሃኑ ወደ ግራዋ እንዲመጣ መኪናውን ከነብረት እግሩ ብድግ አድርጎ ወደ መስኮቱ አስጠጋው። ቁጭ አለችና የተዘጋውን ኪስ ልትፈታ መርፌ አነሳች።

«አይፈታም!» አለ መምህሩ። «ያ ተነቅሎ ይሰቀላል። ሕግ ነው።»

ሾፌሩ ኪሱን እንዳለ ነቅሎ ገመዱ ላይ ሰቀለው። ሰማያዊው አጠገብ ቦታ ነበር።

ከዚያ በኋላ እትዬ ስትሰፋ ዋለች፤ አፉን እየተወች፣ ሦስት ጎን ብቻ። እያንዳንዱን ስትጨርስ እጇን ታስገባበታለች። ልክ መሆኑን ለማየት ነው ቢሏት አዎ ትል ነበር።

የመስኮቱ ብርሃን ሲወይብ ጋውኖቹ ተደራርበው ጥግ ላይ ቆሙ። መምህሩና ነርሷ ኪሱ በቀኝ ይሁን በግራ በሚል ክርክር ገጥመዋል፤ የቆየ ክርክር መሆኑ ያስታውቃል። ሾፌሩ ለሚቀጥለው ሳምንት መርፌዎቹን ክር እያጎረሰ ነበር፤ ምላሱን በጥርሱ መሐል ይዞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ።

እትዬ ካፖርቷን ለበሰች። ቦርሳዋን አነሳች። በሩ ጋ ደርሳ እጇ እጀታው ላይ እንዳለ ትንሽ ቆየች።

«ግራኝ የሆነ ሰውስ?» ትላለች ነርሷ።

«ግራኝ የሆነ ሰው በግራ እጁ ይከተዋ!»

«ግሉኮስ የተሰካው እሱ ላይ ቢሆንስ?»

ሾፌሩ ክሩን ሳተና፣ ቀና ሳይል በምራቁ አርሶ ደግሞ ሞከረ።

እትዬ ወጣች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ገጠመችው። መንገዱን ስትጀምር እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ገና አልበረደም ነበር።